ውርጩን የቻለ ሯጭ በዝናብ ለምን ይረታል?
ከዋግ ኽምራ ደጋ እስከ ባሕር ዳርቻ ውድድሮች፦ የብርድ፣ የነፋስና የውሃ ፊዚክስ

ሚያዝያ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2018) የቦስተን ማራቶን ሲካሄድ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ይወርድ ነበር። የአየሩ ሙቀት ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም የራቀ አልነበረም። የውድድሩ ጎዳና ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ የሚያመራ በመሆኑ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የሯጮቹን ፊትና ደረት ፊት ለፊት ይመታ ነበር። ኢትዮጵያዊቷ ማሚቱ ዳስካ ከተፎካካሪዎቿ ተነጥላ ረጅም ርቀት ብቻዋን መራች። በመጨረሻ ግን ጉልበቷ ከዳት፤ ውድድሩንም አቋርጣ ወጣች። በዚያ ቀን ያቋረጡ ስመ ጥር የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች ብዙ ነበሩ። በሴቶች አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ፣ በወንዶች ጃፓናዊው ዩኪ ካዋኡቺ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፉ። ሁለቱም ሰዓቶች ከ1970ዎቹ ወዲህ በዚያ ውድድር ከተመዘገቡት የአሸናፊ ሰዓቶች ሁሉ የዘገዩ ነበሩ። በሴቶች ሁለተኛ የወጣችውም በሆስፒታል ተቀጥራ የምትሠራ የማደንዘዣ ነርስ ነበረች።

ከዚህ ውጤት አንድ ጥያቄ ይነሣል። በደጋ የተወለደ ወይም በደጋ የሠለጠነ፣ ንጋት ላይ በውርጭ መሮጥን የለመደ አትሌት፣ ከዜሮ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ እንዴት በብርድ ይረታል? መልሱ የጽናት ጉዳይ አይደለም። መልሱ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ገቢና ወጪው ሙቀት የሆነ ሂሳብ። ይህን ሂሳብ ማወቅ የሚጠቅመው ለማራቶን ሯጮች ብቻ አይደለም። በሐምሌ ዝናብ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ለሚመለስ የሰቆጣ ተማሪም፣ በጋዝጊብላ ወይም በድሃና ጋራ ላይ በጎች ለሚጠብቅ ልጅም እኩል ያስፈልጋል።

ሁለቱ ክረምቶች

በአማርኛ "ክረምት" ስንል የዝናቡን ወራት ማለታችን ነው። ስለ አውሮፓና ስለ ሰሜን አሜሪካ ስንናገር ግን ይኸንኑ ቃል ለታኅሣሥ፣ ለጥርና ለየካቲት ብርድ እንሰጠዋለን። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ነው፤ ልዩነቱም ለርእሳችን ቁልፍ ነው።

የዋግ ኽምራ መልክዐ ምድር ይህን ለማስረዳት የተመቸ ነው። የሰቆጣ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,260 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወርዱ የሚያቃጥል ቆላ ይገኛል፤ ወደ ቢያላ ተራራ ሲወጡ ደግሞ ከፍታው ከ3,500 ሜትር ያልፋል። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በሰቆጣ 16 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት 3,500 ሜትር ላይ የቆመ እረኛ የሚያገኘው ሙቀት 8 ዲግሪ ገደማ ነው።

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ብርድ አለ። አንደኛው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር መሬት ሙቀቷን በጨረር መልክ ወደ ጠፈር ትለቃለች፤ ሣሩም ሲነጋ ነጭ ለብሶ ይታያል። በዚህ ጊዜ አየሩ ደረቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ እንደወጣች ይለዝባል። ሁለተኛው የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ነው። ያን ጊዜ መለኪያው ከውርጩ ንጋት ይልቅ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ነገር ግን ዝናብ፣ በረዶና ነፋስ በአንድነት ይመጣሉ። በውርጭ ሮጦ ትምህርት ቤት የደረሰ ልጅ ላብ አጥምቆት ይገባል። በነሐሴ ዝናብ የተመታ ልጅ ግን ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይገባል። የቦስተኑ ቀን ከሁለተኛው ወገን ነው። ሯጮቻችን የሚገጥማቸው የባሕር ዳርቻ ክረምት የኛን ውርጭ ሳይሆን የኛን ነሐሴ ይመስላል፤ ያውም ከተራራው ጫፍ ነሐሴ።

የሯጩ ምድጃ

የሰው አካል ምድጃ ነው። ተቀምጦ የሚያነብ ሰው በየሰከንዱ ከ80 እስከ 100 ጁል የሚደርስ ሙቀት ይለቃል፤ ማለትም ከ80 እስከ 100 ዋት ማለት ነው። ሲሮጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጠፍጣፋ መንገድ ላይ ሩጫ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት፣ ለእያንዳንዱ ሜትር 4 ጁል ያህል ጉልበት ይፈጃል። ክብደቱ 55 ኪሎ ግራም የሆነ አትሌት በሰከንድ 5 ሜትር ቢሮጥ (ይህም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተኩል ያህል ያስጨርሳል) በየሰከንዱ 1,100 ጁል ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከሩብ አይበልጥም፤ ከ800 ጁል በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ ፈጣን ሯጭ አንዲት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ በሰውነቱ ውስጥ ይዞ ይሮጣል ማለት ነው።

በደረቅ ብርድ ይህ ምድጃ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም የማራቶን ሯጮች ከሙቀት ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማቸዋል፤ ትርፉን ሙቀት ለማስወገድ ይቀላቸዋልና። ውርጭ የለመደ ሰው "ሩጫ ብርድን ያሸንፋል" ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን የተናገረው የሂሳቡን አንድ ወገን፣ ገቢውን ብቻ ነው።

ወጪው፦ ነፋስና ውሃ

ሙቀት ከአካል በአራት መንገዶች ይወጣል፦ በጨረር፣ በንክኪ፣ በአየር ፍሰትና በትነት። ለሯጭ ዋነኞቹ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

በቆዳችን ዙሪያ በሰውነታችን የሞቀ ስስ የአየር ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን የማይታይ ልብሳችን ነው፤ ነፋስ ግን ይገፍፈዋል። የሚጠፋው ሙቀት ከነፋሱ ፍጥነት ጋር በቀጥታ አይጨምርም፤ በግምት ከፍጥነቱ 0.6ኛ ርቢ ጋር ይጨምራል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው ነፋስ በሌለበትም እንኳ የ5 ሜትር ነፋስ ይመታዋል። በዚያ ላይ 5 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣበት፣ በአካሉ ላይ የሚያልፈው አየር እጥፍ ይፈጥናል፤ በአየር ፍሰት የሚጠፋው ሙቀትም በግማሽ ይጨምራል። ነፋሱ ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ካደገ ደግሞ ጥፋቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአሜሪካና በካናዳ የሚሠራበት የነፋስ ብርድ ቀመር ይህንኑ ይመሰክራል፦ ሙቀቱ 5 ዲግሪ፣ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በተገለጠ ደረቅ ፊት ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ ካለ ጸጥ ያለ አየር ጋር ይመሳሰላል።

"ደረቅ ፊት" የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ቀመሩ ውሃን አይቆጥርም፤ ውሃ ሲገባበት ነገሩ ይከፋል። በመጀመሪያ፣ ልብስ የሚያሞቀን ክሩ ራሱ ሙቀት ስላለው ሳይሆን በክሮቹ መካከል አየር አግቶ ስለሚይዝ ነው። አየር ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ ሰነፍ ነው፤ ውሃ ግን ከአየር 24 ጊዜ ያህል የበለጠ ያስተላልፋል። ዝናብ በክሮቹ መካከል ያለውን አየር አስወጥቶ ሲተካው ልብሱ ሙቀትን ከመያዝ ይልቅ የሚያሳልፍ ይሆናል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከቆዳ ላይ 1 ግራም ውሃ ለማትነን 2,400 ጁል ያህል ያስፈልጋል። በነፋስ የሚመታ እርጥብ ካናቴራ በሰዓት ግማሽ ሊትር ውሃ ቢያተንና ሙቀቱን የሚወስደው ከአካሉ ቢሆን፣ ሯጩ በየሰከንዱ 330 ጁል ያጣል። ይህ ምድጃው ከሚሰጠው ከሦስት እጅ አንዱን ይበልጣል። እንስራ ውሃን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየው በዚሁ ሕግ ነው፤ በሸክላው ሰርጎ የሚወጣው ውሃ እየተነነ የቀረውን ያበርደዋል። በዝናብና በነፋስ የሚሮጥ ሰው እንደ እንስራ እየቀዘቀዘ ይሮጣል።

ከባሕሩ ዳር አየሩ ይከብዳል

ነፋስ ሙቀት መንጠቁ ሳያንሰው ወደ ኋላም ይገፋል። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል፦ አየሩ እጥፍ ሲፈጥን ተቃውሞው አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲፈጥን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው ነፋስ በሌለበት የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ 7 ኒውተን ገደማ ነው። ፍጥነቱ ተመሳሳይ የሆነ የፊት ለፊት ነፋስ ሲመጣበት ወደ 28 ኒውተን ይደርሳል። ይህ 55 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት እንደመውጣት ነው። በዓይን ጠፍጣፋ የሚመስለው የባሕር ዳር መንገድ በእግር ሲሄዱበት ዳገት ሆኖ ይገኛል።

የደጋው ሯጭ እዚህ ላይ ያልለመደውን ነገር ያገኛል። በሰቆጣ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 76 በመቶ ያህል ነው፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሰቆጣ የቀን አየር በአንድ ሜትር ኩብ 0.93 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በባሕር ዳር ያለው የ5 ዲግሪ አየር 1.27 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በባሕር ዳር ለእስትንፋስ የሚሆን ኦክስጅን ይበዛል፤ ያው ጥቅሙ ነው። ነገር ግን በእኩል ፍጥነት የሚነፍሰው ነፋስ ከደጋው ይልቅ ከሦስት እጅ አንድ ያህል በልጦ ይገፋል።

የደጋ ሰው ሰውነት ከፍታን እንደተላመደ በጥናት ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በደማቸው ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ አስደናቂ ስጦታ ነው። ሆኖም ስጦታው የኦክስጅንን እጥረት የሚመለከት ነው፤ እርጥብ ቆዳ በነፋስ ውስጥ ስለሚያጣው ሙቀት የሚሰጠው መከላከያ የለም።

ታዲያ አትሌቶቻችን በባሕር ዳር አያሸንፉም ማለት ነውን? አይደለም። መጋቢት 15 እና 16 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 24 እና 25 ቀን 2001) የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በቤልጂየም የባሕር ዳርቻ ከተማ በኦስተንድ ሲካሄድ ሜዳው ጭቃ ነበር። በአማራ ክልል ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በጫጫ የተወለደችው ጌጤ ዋሚ በመጀመሪያው ቀን በረጅሙ ውድድር ከእንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች፤ በማግሥቱ በአጭሩ ውድድር ራድክሊፍን ቀድማ ወርቁን ወሰደች። ቀነኒሳ በቀለም በዚያው ቀን የወጣቶቹን ውድድር በ33 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈ። የሁለቱ ውድድሮች ልዩነት በጊዜ ርዝመት ላይ ነው። የአገር አቋራጭ ውድድር ከ15 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያልቃል፤ ምድጃው ሙሉ በሙሉ እየነደደ ሯጩ ይጨርሳል። ማራቶን ግን ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ነዳጁም እያለቀ፣ ልብሱም እየራሰ ይሄዳል።

ከነፋስ መጠለል እንደሚቻል ያሳየው እንግሊዛዊው የአካል እንቅስቃሴ ተመራማሪ ግሪፊዝ ፒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ከጉዞው ጋር የነበረው ይህ ሰው፣ በ1971 ባሳተመው ጥናት ከሌላ ሯጭ ኋላ 1 ሜትር ያህል ተጠግቶ መሮጥ የአየር ተቃውሞውን በ80 በመቶ እንደሚቀንስ አመለከተ። የዶክትሬት ትምህርቴን በተከታተልሁበት የሰሜን አውሮፓ የባሕር ዳር ከተማ የሩጫ ማኅበራት ይህን በተግባር ሲያደርጉት አይ ነበር፦ በክረምት ሲሮጡ በአንድ ረድፍ ተጠጋግተው፣ ፊት የሚሆነውንም በየጥቂት ደቂቃው እየተለዋወጡ ነፋሱን ይካፈሉታል። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ በቦስተን ብቻውን ወጥቶ መምራት ከሁሉ የከፋውን ነፋስ ብቻ መሸከም ነበር።

ሂሳቡ የሚገለበጥበት ደቂቃ

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የሚከተለው ነው። የሙቀት ገቢያችን በፍጥነታችን ላይ የተመሠረተ ነው። ሯጩ ደክሞ ወደ እርምጃ ሲመለስ ምድጃው ከ800 ዋት ወደ 200 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ዝናቡና ነፋሱ ግን በዚያው ልክ አይቀንሱም። ድካም ሙቀትን ይቀንሳል፤ ብርድ ደግሞ ጡንቻን አደንዝዞ ድካምን ያብሳል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ቁልቁል ይወስደዋል።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? 1 ኪሎ ግራም የሰው አካል በ1 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ 3,500 ጁል ያህል ማጣት አለበት፤ 55 ኪሎ ግራም የሆነ አካል 192,500 ጁል ማለት ነው። ወጪው ከገቢው በ200 ዋት ብቻ ቢበልጥ አካሉ በአማካይ በየ16 ደቂቃው 1 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የአካል ውስጣዊ ሙቀት በጤናማ ሁኔታ 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ35 ሲያንስ ሕክምና "ሃይፖሰርሚያ" የሚለው አደገኛ ቅዝቃዜ ይጀምራል። በዚህ ግምት ከጤና እስከ አደጋ ያለው ርቀት ግማሽ ሰዓት ነው። ምልክቶቹ ቅደም ተከተል አላቸው፦ ጣት አዝራር መቆለፍ ያቅተዋል፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ ምላስ ይተሳሰራል፤ እግር ይደናቀፋል፤ ማስተዋል ይዛባል። ውስጣዊው ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ሲወርድ መንቀጥቀጡ ይቆማል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና እየተከላከለ ነው፤ እየበረደው ሳለ መንቀጥቀጥ ያቆመ ሰው ግን ተሻለው ሊባል አይገባም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት አይደለም። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2021) በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ላይ እኩለ ቀን ገደማ ብርቱ ነፋስ፣ ቀዝቃዛ ዝናብና በረዶ በድንገት መጣ። ከ172ቱ ሯጮች 21ዱ ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል በአገሪቱ የታወቁ የረጅም ርቀት ሯጮች ነበሩ። አደጋው የደረሰበት ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከሰቆጣ ከፍታ ብዙም አይርቅም። የነፋስ መከላከያ ጃኬት መያዝ በውድድሩ ደንብ ግዴታ አልነበረም፤ ብዙዎቹም በቀላል ልብስ ነበሩ። በዚያ ቀን ስድስት ሯጮችን ያተረፈው በአካባቢው በጎች ይጠብቅ የነበረ አንድ እረኛ ነው። ወደ ተጠለለበት ዋሻ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ ሕይወታቸውን አቆየ። የሯጮቹ ልብና ሳንባ ከእረኛው ይበልጥ የሠለጠነ ነበር፤ እረኛው ግን ወጪን መቀነስ ያውቅ ነበር።

ገሳ፣ ባናና ጋቢ

የኛም ደጋ እረኞች ይህን ያውቁታል። ገሳ ከዝናብ ይከላከላል፤ ከሣር ወይም ከመሰል ተክል የተሠራ በመሆኑ ውሃው በላዩ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ደረቅ አየር ይቀራል። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና እና በርኖስም የራሳቸው ጥበብ አላቸው። የጠጉር ክር ጥምዝምዝ ስለሆነ ሲረጥብም ፈጽሞ አይተኛም፤ ስለዚህ አየሩን በከፊል እንደያዘ ይቀራል። ከክብደቱ ከሩብ በላይ የሚሆን እርጥበት ቢመጥም እንኳ ቆዳ ላይ ወዲያው እርጥበት አያሰማም። የጥጥ ጋቢ ግን ሌላ ነው። ደረቅ ሲሆን ብዙ አየር ስለሚይዝ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ በዝናብ ከራሰ ግን ክሩ ውሃ ጠጥቶ ይተኛል፤ ክብደት ሆኖ ሙቀት ይነጥቃል። በውድድር የሚለበስ የጥጥ ካናቴራም እንደዚሁ ነው።

ቀደም ሲል የጠቀስነው ፒው ይህንንም መርምሯል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 በእንግሊዝ ኮረብታዎች ላይ በተደረገ የረጅም ርቀት የእግር ጉዞ ውድድር ሦስት ወጣቶች በብርድና በዝናብ ሞቱ። ፒው መሰል ልብሶችን በእርጥበትና በነፋስ ውስጥ ሲፈትን፣ እርጥበቱ፣ ነፋሱና የአካሉ እንቅስቃሴ በአንድነት የልብሱን ሙቀት የመያዝ ችሎታ አብዛኛውን እንደሚያጠፉት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ውሃና ነፋስ የማያስገባ ቀላል መደረቢያ በተራራ ተጓዦችና ሯጮች ዘንድ እንደ ዋና የደኅንነት ዕቃ ይታያል። የገሳው ሐሳብ በሌላ ጨርቅ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ነዳጁ፦ ምግብ

ምድጃው ያለ እንጨት አይነድም። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር መሰል ነዳጅ በፈጣን ሩጫ ከ2 ሰዓት እምብዛም አይዘልቅም፤ መንቀጥቀጥም ይህንኑ ነዳጅ ይፈጃል። የተራበ ሰው ቶሎ የሚበርደው ለዚህ ነው። አረቄ "ያሞቃል" የሚባለውም ሐሰት ነው። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት የተሰማን ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ እያፈሰሰ ነው።

የሰቆጣ ስም ከምግብ ጋር በአገር አቀፍ ደረጃ የተሳሰረ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ይባላል። የፊዚክስ ሂሳባችንም ለዚህ ቃል የራሱን ክብደት ይጨምርለታል። ትንሽ አካል ከመጠነ ቁሱ አንጻር ሰፊ ገጽ አለው፦ 25 ኪሎ ግራም የሆነ ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ያለው የቆዳ ስፋት 55 ኪሎ ግራም ከሆነ ሰው በ30 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ሲሳሳ ደግሞ መከላከያው ይሳሳል። በአንድ ዝናብ የተመቱ አባትና ልጅ እኩል አይበርዳቸውም፤ ቀድሞ መጠለልና መብላት ያለበት ልጁ ነው።

ለሚሮጡ ተማሪዎች

ከዚህ ሁሉ ጥቂት ተግባራዊ ምክሮች ይወጣሉ። በነፋስ ቀን ልምምድ ስታደርጉ በመጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ ከኋላ ይሁን። በላብ ከራሱ በኋላ ነፋስን መጋፈጥ ከሁሉ የከፋ ነው። በቡድን ሩጡ፤ ፊት መሆንን ተፈራረቁ። መደረቢያችሁን ከበረዳችሁ በኋላ ሳይሆን ፍጥነት ከመቀነሳችሁ በፊት ልበሱ። ስትጨርሱ ቆማችሁ አታውጉ፤ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ ልበሱ፣ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ጠጡ። ጓደኛችሁ ምላሱ ሲተሳሰር ካያችሁ "ትንሽ ነው የቀረው፣ በርታ" አትበሉት፤ አስቁሙት፣ ከነፋስ አስጠልሉት፣ አድርቃችሁ ሸፍኑት፣ የሕክምና ርዳታም ፈልጉለት።

ሕጉን በዓይናችሁ ማየት ለምትፈልጉ አንድ ቀላል ሙከራ እነሆ። እኩል የሆኑ ሦስት ጠርሙሶች ወስዳችሁ እኩል ሙቅ ውሃ ሙሉባቸው። አንዱን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ ሁለተኛውን በውሃ በተነከረ ተመሳሳይ ጨርቅ ጠቅልሉ። ሦስተኛውን እንደ ሁለተኛው በተነከረ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላዩ ላይ ፌስታል አልብሱት። ነፋስ በሚያገኛቸው ቦታ አስቀምጣችሁ በየ5 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ሙቀታቸውን መዝግቡ፤ ከዚያም ሦስቱን መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ ሣሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መካከል የምታዩት ክፍተት አንዲት ፌስታል በመከልከሏ ብቻ የዳነ ሙቀት ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነና ሙከራውን ካስረዘማችሁት፣ ፌስታል የሌለው እርጥብ ጠርሙስ ከአካባቢው አየር በታች ሲቀዘቅዝ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ግራፉን ለስፖርት መምህራችሁ አሳዩትና አንድ ነገር ጠይቁ፦ በትምህርት ቤታችሁ የክረምት ውድድር ሲዘጋጅ በመድረሻው መስመር ላይ ከሜዳሊያው ጠረጴዛ አጠገብ ደረቅ ብርድ ልብስ የሚያዘጋጅ ሰው ተመድቧልን?